ተገጣጣሚው ቤት ስንት ወጣበት?

ሰው ቤት እስኪሠራ ድረስ ስለ ቤት የማያውቀው ነገር የለም። ካላመናችሁ ቤት የሌለውን ሰው ይዛችሁ ጠይቁት። ሳሎኑ በየት በኩል ፀሐይ ማግኘት እንዳለበት፣ ቆርቆሮ በየትኛው ወር እንደሚረክስ፣ የትኛው ግንበኛ ሲሚንቶ እንደሚሰርቅና የትኛው እንደሚያባክን አንድ በአንድ ይዘረዝርላችኋል። ቤት የሠራውን ደግሞ ጠይቁት። «ተዉኝ እባካችሁ» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ከአዋቂዎቹ ወገን ነበርኩ። ኮልፌ ውስጥ ባለች አንዲት የቀበሌ ቤት ጋደም ብዬ፣ ባለ ሦስት መኝታ ቪላ በሐሳቤ ስንት ጊዜ ገንብቼ ስንት ጊዜ እንዳፈረስኩ የምናውቀው እኔና ኮርኒሱ ብቻ ነን። ኮርኒስ ስላችሁ የማዳበሪያ ከረጢት ነው፤ ስሙን አክብሬለት ነው።

እንግዲህ ሰሞኑን ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አንድ ነው። «አየለ፣ ለመሆኑ የትኛው ያዋጣል? መሐንዲስ ፕላን የነደፈው ነው ወይስ ተገጣጣሚው?» ይሉኛል። መሥሪያ ቤት ሻይ ልጠጣ ስወጣ ይኸው ነው፤ ፌርማታ ላይ አውቶቡስ ስጠብቅም ይኸው ነው፤ ባለፈው እሑድ ቅዳሴ ሳይጠናቀቅ አንዱ ከኋላዬ ጎሸም አድርጎ ይህንኑ ጠየቀኝ። ሰው የማያውቀው ነገር ቢኖር ይህ ጥያቄ ከሚስቴ ከየሺ ጋር ዓመት ሙሉ ሲያጨቃጭቀን መክረሙን ነው። ስለ መንግሥት ፖሊሲ አስተያየት ስጥ ብትሉኝ የለኝም። ስለ ቤት ግን አለኝ፤ ሚስትም አለችኝ፤ የእሷ አስተያየት ደግሞ ከእኔው ይከብዳል።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። አንድ ልጅ አለን፤ መስፍን ይባላል። ልጅ ሆኖም ጎረምሳ ሆኖም ያደገው በዚያችው የቀበሌ ቤት፣ ከአልጋችን ማዶ በተዘረጋ መጋረጃ ጀርባ ነው። እኛ ስናስል ይሰማል፤ እሱ ሲገላበጥ እንሰማለን። አንድ ቀን ጓደኛ ይዞ መጥቶ አያውቅም። ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ የሚሄድ ዕለት ጠዋት፣ ሻንጣውን አንጠልጥሎ በሩ ላይ ቆመና እየሳቀ፣ ስመለስ የራሱ በር ያለው ክፍል እፈልጋለሁ አለን። እኛም ሳቅን። ከሰሜን ግንባር መጀመሪያ ላይ ቶሎ ቶሎ ይጽፍ ነበር። ቀጥሎ ደብዳቤው እየራቀ ሄደ። ከዚያ ጭራሽ ቀረ።

ደብዳቤው ከቀረ ጥቂት ቆይቶ ነው የቤት ሥራ ማኅበራችን መሬት የተመራው። ቀራንዮ፣ ከመድኃኔዓለም ወረድ ብሎ፣ ሳማና ቁጥቋጦ የወረሰው ተዳፋት ላይ ነው። መሬቱን ስናይ ሁለታችንም ያሰብነው ስለ አንድ ነገር ነው፤ ጮክ ብለን ግን አልተናገርንም። ቤቱ የመስፍን ነው። እኔና የሺማ መጋረጃውን ለምደነዋል።

ጠባችን እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። እኔ ቤቱ ቶሎ ይቁም ባይ ነኝ። ልጁ ዛሬ ወይ ነገ ቢመጣ ቁልፍ ከኪሴ አውጥቼ፣ «ያውልህ በርህ» ልለው ነው የምፈልገው። እሷ ደግሞ ለልጄ የሚሆን እንጂ የተገኘው ሁሉ አይሠራም አለች። እኔ ተገጣጣሚ፣ እሷ ፕላን። ተረት እንደሆነ በኮታ የሚታደል ነገር አይደለም፤ ታዥጎደጉደው ጀመር። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ትለኛለች። ዝም ስላት «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ትጨምርልኛለች። ማታ መብራት አጥፍተን ከተኛን በኋላ ደግሞ ከጨለማው ውስጥ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚል ድምፅ ይመጣል። እንቁላሉ እስኪሄድ ማን ይጠብቃል የእኔ እመቤት ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ።

መሐንዲሱን ያመጣችው እሷው ናት። ፍቅረ ይባላል፤ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ ቀን የመንግሥት ሥራ እየሠራ በትርፍ ሰዓቱ ለሰው ፕላን የሚነድፍ ትሁት ልጅ ነው። አርክቴክት በሉኝ ይላል እንጂ እኛ ኮልፌዎች እርሳስ የያዘውን ሁሉ መሐንዲስ ነው የምንለው። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ መጣና ያችው አንዲት ሶፋችን ላይ ተቀመጠ። ስንት ክፍል ትፈልጋላችሁ፣ አቅማችሁ ምን ያህል ነው ብሎ ይጠይቀናል ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። እኔን ዞር ብሎም አላየኝ።

«እትዬ የሺ፣ ጠዋት ሲነሱ መጀመሪያ ዓይንዎ የሚያርፈው ምን ላይ ነው?» አላት።

የምን ጥያቄ ነው ብዬ ልስቅ ስል የሺ ሳታመነታ መለሰች። «መንገዱ ላይ ነዋ ልጄ። የሚመጣ ሰው እንዳለ አያለሁ።»

የሚመጣው ማን እንደሆነ አልጠየቃትም። እርሳሱን አወጣና ያኔውኑ ይነድፍ ጀመር። ማዕድ ቤቱን ከቤቱ ፊት አደረገው፤ ሰፊ መስኮት ሰጠውና መስኮቱን ወደ መንገድ አዞረው። ከጎኑ አንዲት ክፍል አስቀመጠ፤ በሯ በቀጥታ ወደ ግቢ የሚከፈት ነው። «እዚህ ክፍል የሚያድረው ሰው አምሽቶ ቢገባ ማንንም አይቀሰቅስም» አለ። የሺ ወረቀቱን በመዳፏ ደጋግማ ዳበሰችው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ዓይኔን ከዚያች በር መንቀል አቃተኝ። ቤቱ ቆንጆ ነበር። ቆንጆ መሆኑ ነው ያናደደኝ።

ወጪው ሲተመን ከተገጣጣሚው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ይኼም ይሁን። ሲሚንቶ በኮታ ነው፤ ኮታው ሲደርሳችሁ መኪና የለም፤ መኪና ሲገኝ ግንበኛው አገሩ ገብቷል፤ ግንበኛው ሲመለስ ክረምቱ ይገባል። ፍቅረ ራሱ አንገቱን ደፍቶ፣ ሁሉም ነገር ቢሳካ እንኳ ዓመታት ይፈጃል አለን። የሺ ግን ፕላኑን ከሥዕለ ማርያም ዝቅ አድርጋ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። ጠዋት ጸሎቷን ታደርስና ዓይኗን ወረድ ታደርጋለች። ማርያምን ስለ መስኮት ስትለምን የሰማሁ ያኔ ነው።

እኔስ ዝም እላለሁ? በተራዬ ተገጣጣሚውን ላሳያት ይዣት ሄድኩ። ናሙና የሚሆን አንድ ቤት ከከተማው ማዶ ቆሞ ለሕዝብ ይታይ ነበር። ከወዳጅ አገር የመጣ ነው፤ ጣራው ለበረዶ ተብሎ ቀጥ ብሎ የወረደ፣ መስኮቱ ባለ ድርብ መስታወት፣ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ደግሞ የምድጃ ጭስ ማውጫ ተብሎ የተበሳ ክብ ቀዳዳ አለው። ቀዳዳውን ሳይ ለወፍ ካልሆነ ለማን ይሆናል አልኩ በሆዴ። ካኪ የለበሰ አስረጂ ጓድ እየዞረ ያብራራልን ጀመር። ግድግዳው ተቆጥሮ የመጣ ነው፤ በር ከነማጠፊያው፣ መስኮት ከነመስታወቱ ነው፤ መሠረቱ ዝግጁ ከሆነ ቤቱ በጥቂት ቀን ውስጥ ይቆማል። እኔ ይህን ስሰማ ልቤ ዘለለ። የሺ ግድግዳውን በጣቷ አንኳኳችው። ባዶ ጄሪካን ይመስል ጮኸ።

«ሥዕለ ማርያምን የት እሰቅላታለሁ?» አለችው። ምሥማር አይመታበትም አላት። «የማዕድ ቤቱ መስኮትስ ወዴት ነው የሚያየው?» አለችው። ወደ ጓሮ ነው፤ በእነሱ አገር ማዕድ ቤት ከመንገድ አይታይም አላት። መስኮቱን ወደ ፊት ማምጣት ይቻል እንደሆነ ብትጠይቀው ሰውየው በትዕግሥት ፈገግ አለ። እናት፣ ተቆጥሮ የመጣ ነገር ነው፣ አንዱን ከነካን ቤቱ ቤት አይሆንም አላት። አውቶቡስ ተሳፍረን ወደ ኮልፌ ተመለስን። ከአውቶቡስ ስንወርድ፣ «ያ ቤት ማንንም አይጠብቅም» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም።

ቤት ለመሥራት ያሰባችሁ ካላችሁ እግረ መንገዴን አንድ ነገር ሹክ ልበላችሁ። የተገጣጣሚው ዋጋ ግማሽ ነው ሲሏችሁ ግማሹን ብቻ እየነገሯችሁ ነው። መሠረቱ የእናንተ ነው። የጭነት መኪናው የእናንተ ነው። የገጣጣሚዎቹ ምሳ የእናንተ ነው። ቤቱ ውስጥ ያለው ማዕድ ቤት ለሻይና ለዕንቁላል ጥብስ የታሰበ ስለሆነ፣ ሽንኩርት ማቁላላት የጀመራችሁ ዕለት ግድግዳው ይላብና ውጭ ሌላ ማዕድ ቤት በጭቃ ትሠራላችሁ። አጥርና ሽንት ቤቱን ሳልቆጥር ነው። ይህን ሁሉ ደምሬ ሳየው የሁለቱ ቤቶች ልዩነት ከጠበቅሁት በጣም አነሰ። ድምሩን ለየሺ አላሳየኋትም። ሰው የሚረታበትን ማስረጃ በገዛ እጁ ያቀርባል እንዴ?

ደግሞም እኔ የፈለግሁት ርካሹን አልነበረም፤ ፈጣኑን ነበር። አንድ ቀን ከኮልፌ ገበያ ስመለስ የአንድ ጎረቤታችን ልጅ ከግንባር ተሰናብቶ፣ ምርኩዝ ይዞ ከእናቱ ደጃፍ ፀሐይ ሲሞቅ አየሁት። ለየሺ መንገር አልነበረብኝም፤ ቀድማኝ አይታው፣ እናቱን እንኳን ደስ ያለሽ ብላ፣ አልቅሳ ተመልሳለች። ማታ እራት አላቀረበችም። መጋረጃውን ትክ ብላ ስታይ ቆየችና፣ «ዛሬ ቢመጣብኝ የት ላስተኛው ነው?» አለች። ብድግ ብላም ፕላኑን ከግድግዳው አወረደችው። አራት ላይ አጠፈችና ከሣጥኑ ሥር ከተተችው። «ሂድ፣ ያን ባዶ ጄሪካንህን አስመዝግብ» አለችኝ። ዓመት ሙሉ ስመኘው የነበረውን ድል አገኘሁ። እንዲህ የሚመር ድል ግን አግኝቼ አላውቅም።

ተመዘገብን። መሠረቱን ማኅበሩ አንድ ላይ አስጣለልን። ከዚያ ተራ መጠበቅ ሆነ፤ ክረምቱም ገባ።

አሁን ስለ ጋሽ በላቸው ልንገራችሁ፤ አለዚያ የሚቀጥለው ነገር አይገባችሁም። ጋሽ በላቸው የእድራችን ዳኛ ናቸው። የቤት ሥራ ማኅበራችንም ሊቀመንበር እሳቸው ናቸው። የሠፈሩን የውኃ ቦኖ የሚቆጣጠሩትም፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚሸመግሉትም፣ መርዶ ሲመጣ የሚያረዱትም እሳቸውና እንደ እሳቸው ያሉ ሦስት አራት ሽማግሌዎች ናቸው። ሠፈራችን ለደስታ ሌላ፣ ለሐዘን ሌላ ሽማግሌ የሚያቆም አቅም የለውም። መርዶ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ማለዳ ነው የሚነገረው። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ሰው ከቤት ሳይወጣ ይመጣሉ። በዚህ ዘመን በኮልፌ ልጁን ሰሜን የላከ ሰው ሁሉ ጎህ ሲቀድ የእግር ኮቴ ያዳምጣል። ኮቴው ሲያልፍ እግዜርን አመስግኖ ይነሣል። ያለፈው ኮቴ የት ቤት እንደሚቆም ግን ማሰቡ አይቀርም።

አንድ የነሐሴ ማለዳ ኮቴው አላለፈም።

ጫማዬን እያጠለቅሁ ነበር። በሩ በቀስታ ተንኳኳ። የሺ ከፈተች። ጋሽ በላቸው ከነሽማግሌዎቻቸው ቆመዋል፤ ብርድ ስለሆነ ሁሉም ጋቢ ተከናንበዋል፤ ካፊያው እንዳይገባባቸው አንገታቸውን ደፍተዋል። ኋላ እንደነገሩኝ፣ ይህን የመሰለ የምሥራች በድንገት ቢነግሩን እንደነግጣለን ብለው ሰግተው ነው፤ እናም ሥራዬ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና፣ «እንደምን አደራችሁ። እስቲ በቅድሚያ ቁጭ በሉ» አሉን።

የሺ አልተቀመጠችም። «መስፍኔ!» ብላ ጮኸች።

እኔም አመንኩ። ለምን እዋሻችኋለሁ? ወለሉ ላይ ዘጭ አልኩ፤ አንድ እግሬ ጫማ አድርጓል፣ አንደኛው ባዶውን ነው። እንዲህ ነው እንዴ የሚመጣው አልኩ በልቤ። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን እያወራጩ የሆነ ነገር ይናገራሉ፤ አንዱም አይሰማኝም። ጎረቤቱ በጩኸቱ ወጣ። ሠፈራችን ደግሞ የሚያለቅስ ሰው ሲያገኝ ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም፤ በመጀመሪያ ያለቅሳል፣ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ እያሰሩ ገቡ፤ ግቢው ሞላ። ሁሉም የእኛን ሐዘን ብቻ አልነበረም የሚያለቅሰው፤ ግማሹ የራሱም ልጅ ሰሜን ነው። ጥሩምባ ነፊያችን ትጉህ ሰው ነው፤ የእድሩን ድንኳን እንዲያወጡ ጎረምሶቹን አዝዞ እሱ ጥሩምባውን ይዞ ወደ ቀራንዮ በሩጫ ወረደ።

በመጨረሻ ጋሽ በላቸው ትከሻዬን ይዘው ነቀነቁኝ። «አየለ፣ ስማኝ። ሰው አልሞተም። ቤትህ ነው የመጣው።»

ቃሉን ሰማሁት፤ ትርጉሙ ግን እምቢ አለኝ። ቤት እንዴት ይመጣል? ሰው እንጂ ቤት ይመጣል እንዴ? ይህን እያልኩ ሳለ ከወደ አስፋልቱ የጭነት መኪና ጥሩምባ በረጅሙ ጮኸ። ለካ ሾፌሩ የተገጣጣሚያችንን ዕቃ ጭኖ ሌሊቱን ገብቶ፣ ባለቤቱ አሁኑኑ ካላወረደ ዘነበወርቅ ላለው ባለተራ ሰጥቼው እሄዳለሁ ብሎ አስጨንቋቸው ኖሯል።

ሰው ያፈሰሰውን እንባ መልሶ የሚያስገባበት ቦታ የለውም። አንዷ ሴት ሳቀች፤ ወዲያው አፏን በነጠላዋ ይዛ እንደገና ማልቀስ ጀመረች። ሁሉም የሺን ያያል። እሷም በለቅሶው መሐል ወለሉ ላይ ተቀምጣ ነበር። ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ አፍንጫዋን ጠረገች፤ ተነሣች። «ተነሡ እንግዲህ፣ ዕቃው ዝናብ ሳይመታው» አለች።

ለቅሶኛው እንዳለ ወደ ቀራንዮ ወረደ። ለቅሶ ብሎ የወጣ ሰው ባዶ እጁን መመለስ ነውር ነው፤ ስለዚህ ግድግዳ ተሸከመ። ነጠላ ያዘቀዘቁ ባልቴቶች መስኮት ለሁለት ይዘው ጭቃውን ሲወርዱ ላየ ሰው ምን ዓይነት ሐዘን እንደሆነ ግራ ይገባዋል። የወጣው ድንኳንም ከንቱ አልቀረም፤ ዕቃው ላይ ተዘረጋበት። ችግሩ የጥሩምባ ነፊው ነበር። ሰውየው ሥራውን ከልቡ ነው የሚሠራው፤ እስከ ቀትር ድረስ ከየአቅጣጫው ለቅሶኛ እየጮኸ ተዳፋቱን ይወርድልን ነበር። የደረሰውን ሁሉ አይዞህ፣ ሰው ደኅና ነው እያልን አንድ አንድ ጣውላ እናሸክመዋለን።

ገጣጣሚዎቹ ሥራ ሊጀምሩ ሲሉ የሺ መሠረቱ ላይ ወጥታ ቆመች። የማዕድ ቤቱ መስኮት የትኛው ግድግዳ ላይ እንዳለ ጠየቀች፤ አሳዩዋት። «ቤቱን አዙራችሁ ትከሉት» አለች። የገጣጣሚዎቹ አለቃ፣ እንዲያማ ከሆነ የቤቱ ፊት ወደ ጓሮ፣ ጀርባው ወደ መንገድ ሊሆን ነው አላት። «ፊቱ የቱ ጋ እንደሆነ የምናውቀው የምንኖርበት ነን» አለችው። ሰውየው አናቱን አከከ፤ መሠረቱ ወዲህም ወዲያም እኩል ነው፤ ለእሱ ያው ነው፤ ተከለው። ይኸው ዛሬ ቤታችን ለቀራንዮ መንገድ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። እንግዳ በሩን ፍለጋ አንዴ ሳይዞር አይገባም። ፍቅረ መጥቶ ሲያየው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ማዕድ ቤቷ ግን መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ታያለች። ወጥ የሚሠራው ውጭ ጭቃ ቤት ውስጥ ነው፤ የሺ ተገጣጣሚው ማዕድ ቤት ውስጥ የምትሠራው ሥራ ማየት ነው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ እኔም ደስ ባለኝ።

መስከረም ጠባ። የራሱን ቤት የሠራ ሰው የቀበሌውን ቤት ማስረከብ አለበት፤ ደንብ ነው። ቀበሌው ቀን ቆረጠልንና ዕቃችንን ማሰር ጀመርን። የመጨረሻ ላይ የቀረው መጋረጃው ነበር። የሺ ወንበር ላይ ወጥታ ግማሹን ካወለቀችው በኋላ እጇ ቆመ። ከወንበሩም አልወረደችም።

«አየለ፣ መስፍን ሲመጣ የሚመጣው ወዴት ነው?» አለችኝ።

«ወደ ቤቱ ነዋ።»

«የትኛውን ቤት ያውቃል?»

ስለ አዲሱ ቤት ጽፈንለታል፤ ደጋግመን ጽፈናል። ደረሰውም አልደረሰውም ብሎ የሚነግረን ግን የለም። ዓመት ሙሉ የመሐንዲሱ ይህን ያህል፣ የተገጣጣሚው ያን ያህል ስንል ከረምን። መስኮቱን ወደ መንገድ አዞርነው። ልጃችን ግን በዚያ መንገድ አይመጣም። የሚያውቀው አንድ በር ብቻ ነው፤ በወር ጥቂት ብር የምንከፍልበት፣ ማንም ዋጋ ብሎ ያልቆጠረው፣ ያ ማዳበሪያ ኮርኒስ ያለው የቀበሌ ቤት። እሱን ነው ለሰው ልናስረክብ የተነሣነው። ቀበሌ ሄጄ ለመንኩ፤ ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አይደለም፣ አዝኖልኛል፤ ይሁን እንጂ አንድ ቤተሰብ ሁለት ቤት መያዝ አይችልም አለኝ። ልክ ነው፤ ተራ የሚጠብቅ ሕዝብ አለ። ወጣሁና ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ቦኖው አጠገብ ቆሜ አለቀስኩ።

ቤቱ የደረሳት ዘነበች የምትባል ልጅ እግር ሴት ናት። ሕፃን አዝላ፣ አንድ ፍራሽና አንድ ጣሳ ይዛ ከአስኮ መጣች። የሺ ምን እንደምትላት ሌሊቱን ስታጠና ነው ያደረችው። ለብቻዋ ስታጉረመርም ሰምቼያታለሁ። ዘነበች ሕፃኑን ፍራሹ ላይ እንዳስተኛች የሺ እጇን ያዘቻት።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ» አለቻት። «አንድ ረዥም ልጅ ይመጣል። ሳያንኳኳ ነው የሚገባው፤ አትደንግጪበት። የሚበላ ካለሽ ስጪው፣ ከሌለሽም ተቀመጥ በዪው። ቀራንዮ ናቸው፣ ከመድኃኔዓለም ወረድ ብሎ ጀርባውን ለመንገድ የሰጠ ቤት ጠይቅ በዪው። ያንን ቤት የማያሳየው ሰው የለም።»

ታስቸግረናለች ብዬ ሰግቼ ነበር። አዲስ ቤት የሚገባ ሰው የቀድሞውን ባለቤት ጣጣ አይወድም። ዘነበች ግን አልተገረመችም፤ ያልጠበቀችው ነገር እንኳ የሰማች አትመስልም።

«እነግረዋለሁ እትዬ፣ አይዞዎት» አለች። «እኔም የአስኮው ቤቴ ለገባችው ሴትዮ ይህንኑ ነግሬያት ነው የመጣሁት። ስለ ባለቤቴ፤ እሱም ሰሜን ነው።»

ቁልፉን ሰጠናት። ልንወጣ ከበሩ ደረስን። የሺ መለስ አለችና፣ ባለቤትሽ መልኩ ምን ይመስላል ብላ ጠየቀቻት። ቀይ ነው፣ አጠር ያለ፣ ሲራመድ ግራ እግሩን ትንሽ ይጎትታል አለች ዘነበች። የሺ ራሷን ነቅንቃ ቃል በቃል ደገመችው። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ መስኮት ሁለት ሰው ነው የምትጠብቀው። እኔም እንዲሁ።